ድንጋይ የጠፋበት እርቅ

ጎንደር ላይ ቅርስ የት አለ ብትል ሁሉም ጣቱን ወደ ግንቡ ይቀስራል። ግንብ ግን በመተማ በኩል በትከሻ አይሻገርም። እኛ ሱዳን የገባነው አንድ ፌስታልና አንድ ማጭድ ይዘን ነው። ሌላው ዕቃችን ፍተሻ ላይ የማይታይ ነበር። እንዳለን ራሱ ያወቅነው በሰሊጥ አጨዳው መጨረሻ፣ ሰው ሊሞትብን ሲል ነው።

ነገሩ በውሃ ተጀመረ። ከገዳሪፍ ራቅ ባለ እርሻ፣ በርሜሉ ዘንድ ወረፋ ስንጠብቅ፣ የዳስ ጓደኛዬ ከአንዱ ያገራችን አጫጅ ጋር ተገፋፋ። ተናዶ ጣሳ ወረወረና የሰውየውን ዓይን አጠፋ። ቁስለኛውን ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ወሰዱት። በማግስቱ ታላቅ ወንድሙ የተሳለ ማጭድ ይዞ መጣና ከዳሳችን ፊት ለፊት ካለችው ግራር ሥር ተቀመጠ። አልጮኸም። ቢጮህ ደስ ባለን፤ የሚጮህ ሰው ይደክመዋል።

ጓደኛዬ ዳስ ውስጥ ተደብቋል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ የዚያን ቀን ያላበኝ ላብ አንድ እርሻ ማሽላ ያጠጣ ነበር።

ውሃ የሚጠብቁልን ከድርቁ ዘመን ጀምሮ እዚያው የቀሩ አንድ የአርማጭሆ ሽማግሌ ነበሩ። ግራሩ ሥር ሄደው ሰውየውን አነጋግረው ተመለሱ።

"ፀሐይ እስክትጠልቅ ይታገሣል። በወጉ ከመጣ አየዋለሁ ብሏል። ድንጋይ አምጡ!"

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ተበዳይ ፊት ይቆማል። ይቅር የሚለው ሰው ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ይህን የማያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። የጠፋው ድንጋዩ ነው! የገዳሪፍን ጥቁር አፈር እስከ ሾዋክ ብታርሰው ማረሻህ ጠጠር አይነካም። ወፍ እንኳ የምናባርረው በጓል ነው።

"አባባ፣ አንድ ጆንያ ሰሊጥ ቢሸከምስ?" አልኳቸው።

"ሰሊጡ የባለ እርሻው ነው። በሰው ንብረት ይቅርታ ይጠየቃል?"

"እንግዲያው ከመንገዱ ጠጠር ልልቀም። ትንሽም ብትሆን ድንጋይ ናት።"

"ዝም በል፣ አንተ ቀልደኛ! ከባድ ይሁን።"

ፀሐይ እንደዚያን ቀን ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ስባዝን፣ ሰሊጥ ሊጭን በቆመ ሎሪ የኋላ ጎማ ሥር የጥጃ ራስ የሚያህል ድንጋይ አየሁ። ሌላ ጊዜ ሳወራው የበሬ ራስ ነው የምለው፤ ዛሬ ስለ እውነት ቀነስኩት።

"ያ ዞል፣ ድንጋይህን አውሰኝ" አልኩት ሱዳናዊውን ሾፌር በዓረብኛ።

"ላ! ከከሰላ ያመጣሁት ነው። ፍሬኔ እሱ ነው።"

"በዚህ ሜዳ ወዴት ሊንሸራተትብህ?"

ወደ ግራሩ ጠቆምኩት። ማጭዱን ሲያይ ሌላ አልጠየቀም፤ ድንጋዩን ራሱ አንከባሎ አወጣው።

ተጋግዘን ለጓደኛዬ ጫንንለት። ሽማግሌው ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ሰውየው ከግራሩ ሥር ተነሣ። ጎንብሶ የቆመ ሰው ማጅራት ለማጭድ እንዴት እንደሚመች ያን ጊዜ አየሁ።

"ማረኝ" አለ ጓደኛዬ። "ስለ እግዚአብሔር።"

"ስለ ማርያም" አሉ ሽማግሌው።

ሰውየው ማጭዱን በቀኝ እጁ እንደያዘ ግራ እጁን ሰዶ ድንጋዩን ሳበው። አልነቃነቅ አለው። እንደገና ሳበ። ጓደኛዬ ወደ ፊት ተንገዳገደ። ላግዝ እጄን ስዘረጋ ሽማግሌው አፈፍ አድርገው ያዙኝ። ክብደቱ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ በአንድ እጅ የሚነሣ ድንጋይ ማጭድ አያስጥልም።

ሰውየው ማጭዱን አየ። ድንጋዩን አየ። ከዚያ ማጭዱን ጣለና ድንጋዩን በሁለት እጁ አቅፎ አወረደው።

ይህን ወግ ማን እንደፈጠረው አላውቅም። ማንም ይሁን፣ የተናደደ ሰው እጅ ምን እንደሚያስብ ያውቅ ነበር። ለጌጥ ብለን አልያዝነውም፤ ያን ዕለት ረስተነው ቢሆን ጉድጓድ እንቆፍር ነበር።

እፎይ ልንል ስንል ሰውየው እጁን አነሣ።

"እኔ በድርሻዬ ምሬሃለሁ። ዓይኑ ግን የእኔ አይደለም። ነገ ገዳሪፍ ሄደህ እሱ ፊት ትቆማለህ።"

ይህን ተከትሎን ለመጣው ሾፌር በዓረብኛ ነገርኩት።

"ሎሪው ነገ ወደዚያው ነው" አለ። "ድንጋዩም።"

ጓደኛዬ ቀና ማለት አቃተው፤ አንገቱ ተቆልፎ ነበር። እንደ ጎነበሰ "እሺ ጋሼ" አለ።

ሰውየው ጠጋ ብሎ፣ ማጭዱን ይዞበት በነበረው እጁ ማጅራቱን ያሽለት ጀመር።