ታች ሳይቀበል ላይ አይለቅም

ይህ የሆነው መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ እኛም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በተዛወርን በመጀመሪያው ክረምት ነው። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያንን ከሰዓት በኋላ ግን ዝናብ ቆርቆሮ መምታት በጀመረ ቁጥር አስታውሰዋለሁ፤ ባስታወስኩት ቁጥርም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት የሚውልበት ቀን አይገኝም። የሚገዛ ቤት የመፈለጉ ሥራ የእኔ ሆነ። የምንኖረው በኪራይ ነው፤ አከራያችን ደግሞ ልጆቼ በሳቁ ቁጥር ግድግዳ የሚደበድቡ ሰው ነበሩ። ትንሽም ብትሆን የራሳችን የምንላት ጎጆ እስክናገኝ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ቤት ስገመግም ደግሞ ለጉድ ነኝ። ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳለሁ፤ ጥግ ጥጉን አሸታለሁ። በሩን አስዘግቼ ወደ ላይ አንጋጥጬ ቆርቆሮው ኮከብ የሚያስቆጥር ከሆነ ደህና ዋሉ ብዬ እወጣለሁ። ጀማል የሚባለው ደላላዬ ተሰላችቶ፣ "እህቴ፣ አንቺ እኮ ቤት ሳይሆን ሙሽራ ነው የምትመርጪው" ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ይኸው ጀማል ከጦሳ ተራራ ሥር ወዳለ የቆየ ሰፈር ወሰደኝ። ሰፈሩ ቁልቁለት ላይ ስለተሠራ የታችኛው ቤት ጣሪያ ከላይኛው ቤት ወለል ጋር እኩል ነው። እያለከለክሁ ደረጃውን ስወጣ፣ "ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን አስቸጋሪ ናቸው። ስንቱን ገዢ መለሱት። የሚጣሉት ደግሞ በዋጋ ቢሆን ጥሩ ነበር" አለኝ። በምን እንደሚጣሉ ግን እሱም በቅጡ አላወቀም።

የቤቱ ባለቤት እማማ ፋጡማ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የደሴን ብርድ ጉልበታቸው አልችል ስላለ ኮምቦልቻ ያለችው ልጃቸው ወደ ቆላው ልትወስዳቸው ነው። ቤቱ የድንጋይ መሠረት ያለው የጭቃ ቤት ነው። አንኳኳሁት፤ ደህና ነው። አሸተትኩት፤ እርጥበት የለውም። በሩን ዘግቼ አንጋጠጥኩ፤ አንድም ኮከብ የለም። ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይነበብ ወደ ግቢው ወጣሁ።

ግቢው ላይ ግን ቅር አለኝ። ጎንና ጎኑ በድንጋይ የተገነባ ሰፊ ቦይ ከላይኛው አጥር ሥር ገብቶ፣ ግቢውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ፣ በታችኛው አጥር ሥር ይወጣል። መውጫው ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ ወፍራም የጣውላ መዝጊያ አለ። ጅብ በቦዩ ሾልኮ እንዳይገባ ዘወትር ተዘግቶ ይውላል፤ ሲያስፈልግ ወደ ላይ ተስቦ ይነሳል። ያን ሰዓት ቦዩ ውስጥ የነበረው ውሃ እግር አያስታጥብም።

እኔ ያደግሁት ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ነው። ለእኔ ቦይ ማለት እጣቢ የሚደፋበት ነገር ነው። ጀማል ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ "ይኼንን ድፍን አድርገሽ ሁለት ክፍል ብታወጪበት ኪራዩ ብቻ ያኖርሻል" አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ በልቤ።

እማማ ፋጡማ ከኋላችን ቆመው ያዩን ነበር። ስለ ዋጋ ምንም ሳያነሱ፣ "ልጄ፣ ቤቱን ብትገዢው ቦዩን ምን ልታደርጊው ነው?" አሉኝ።

"እደፍነዋለሁ እማማ። ሁለት ክፍል ይወጣዋል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያስ ይቅር፤ አትቀየሚኝ። ቤቱ ላንቺ አይሆንም።"

ደሜ ፈላ። ስንት ደረጃ ወጥቼ፣ ስንት ግድግዳ አንኳኩቼ፣ ለአንድ ቦይ! ጀማልም "እማማ ፋጡማ፣ እረ በአላህ!" እያለ መለማመጥ ጀመረ። እሳቸው ግን ፊታቸው ላይ ቁጣም የለ፣ ምንም የለ። ያለቀ ነገር ነው።

ጃንጥላዬን አንስቼ ልወጣ ስል ሰማዩ ተደረመሰ። የደሴ ዝናብ ደህና ዋላችሁ ብሎ አይመጣም። ወዲያው በረዶ ተጨመረበትና ቆርቆሮው ሥር መነጋገር አልተቻለም። ኩርፊያዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ።

እማማ ፋጡማ ነጠላቸውን አውልቀው ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጎጡና እበረዶው ውስጥ ወጡ። ጉልበቴ አልችል አለ ያሉኝ ሴትዮ! ቦዩ መውጫ ዘንድ ደርሰው የመዝጊያውን እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙ። ግን አልሳቡትም። ወደ ታች እየጮሁ "ትብለጥ! አንቺ ትብለጥ!" ይላሉ።

ከላይኛው ግቢ ደግሞ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። "ፋጡማ! ተቀበልሽ?"

"ገና ነው መምሬ! ያዙ!"

"ይዣለሁ!"

ምን እየሆነ እንደሆነ አልገባኝም። ጃንጥላዬን ዘርግቼ አጠገባቸው ስደርስ ቦዩ ሞልቶ ውሃው ግቢው ላይ መንጣለል ጀምሯል። ውሃው ቡናማ ነው፤ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። "መዝጊያውን ለምን አያነሱትም?" ብዬ ጮህኩ።

"ታች ሳይቀበል ላይ አይለቅም!" አሉኝ። "መጀመሪያ የታችኛው ቤት ትብለጥ የሷን ታነሳና 'ተቀብያለሁ' ትላለች። ከዚያ እኔ፣ ከዚያ መምሬ፣ እንዲያ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። የሷ ሳይነሳ እኔ ብለቀው ቤቷ ይሞላል። አራስ ናት ወላሂ፣ ሳምንቷም አልሞላ። ባሏ ቦሩ ሜዳ ነው የዋለው፤ እናቷም ወጣ ብላ ዝናብ ይዟት ይሆናል!"

ያን ጊዜ ወደ ላይ ጆሮዬን ሰጠሁ። ከመምሬ በላይ ሌላ ድምፅ "ያዙ!" ይላል። ከዚያ በላይ ሌላ አለ፤ ከዚያም በላይ በበረዶው ውስጥ እንደ ሹክሹክታ የሚሰማ ሌላ አለ። ያ ሁሉ የተራራ ውሃ ቁልቁል እየመጣ፣ በየግቢው አንድ አንድ ሰው ጣውላውን ይዞ ቆሟል። አንዱም አልለቀቀም።

ውሃው ደጃፉን አልፎ እኔ ከአፍታ በፊት ያሸተትኩት ክፍል ውስጥ ገባ። የእማማ ፋጡማ ስጋጃ በበሩ ተንሳፍፎ ሲወጣ አየሁት።

"እማማ ይልቀቁት! ቤትዎ ገባ!"

"ይግባ!"

እንዲህ ነው ያሉት። ሊሸጡት ያሰቡት ቤት ነው፤ ገዢዋ እኔ ፊታቸው ቆሜአለሁ። ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ዓይናቸው ታች ያለው ቆርቆሮ ላይ ነው።

ጃንጥላዬን ጣልኩት። "እኔ ልሂድ!" አልኩ።

"በደረጃው፤ ጥግ ጥጉን ያዢ! አብሽሪ ልጄ!"

ደረጃው ራሱ ወንዝ ሆኗል። ጫማዬ አንዱ በዚያው ሄደ፤ ሌላውን እኔው ወረወርኩት። ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በመቀመጫዬ ወርጄ የትብለጥን በር በሁለት እጄ ደበደብኩት። ስትከፍት ልጇን ታቅፋ ነበር። በበረዶው ጩኸት ውስጥ ምንም አልሰማችም። "ቦዩ!" ስላት ፊቷ ሲለወጥ አየሁት፤ ሌላ ቃል አላስፈለጋትም።

መዝጊያዋ ጋር ሮጥኩ። ጣውላው ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ብስበው ብስበው ንቅንቅ አይልም። ቀና ስል ከአጥሩ በላይ የእማማ ፋጡማ ግቢ የያዘው ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ እያፏጨ ይወጣል። አጥሩ ራሱ ይፈርሳል ብዬ ፈራሁ። ያን ጊዜ ትብለጥ ልጇን አልጋ ላይ አስተኝታ፣ ጋቢ ተከናንባ ዘነዘና ይዛ መጣች።

"ግቢ! ብርድ ይመታሻል!" አልኳት።

"ዝም በይና ሳቢ!"

አራሷ ዘነዘናውን ከሥር ሰክታ ስትፈነቅለው እኔ ወደ ላይ ሳብኩ። ጣውላው አንዴ ጮኸና ተነሳ።

"ተቀብያለሁ!" ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ! ደግሜ ጮህኩ፤ ድምፄ በረዶው ውስጥ ቀረ። ለካ ጀማል ተከትሎኝ ደረጃው አጋማሽ ላይ አጥር ተደግፎ ቆሟል። "ተቀብላለች! እማማ ፋጡማ፣ ተቀብላለች!" አለ። ቤት ሲያሻሽጥ የኖረ ጉሮሮ ነው፤ ተራራው ድረስ ይሰማል። ያን ቀን ደላላ ወደድኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በደንብ መናገር መቻሌን እንጃ። እማማ ፋጡማ መዝጊያቸውን አነሱ። ውሃው በአንድ ጊዜ መጣ፤ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። የሰው ቁመት የሚያህል ግንድ እፊቴ ተወርውሮ ሲያልፍ አየሁ። ቦዩ እስከ ከንፈሩ ሞልቶ፣ እያጓራ፣ በትብለጥ ደጃፍ በኩል አልፎ ወደ ወንዙ ገባ። ደጃፏ ላይ አንዲት ጠብታ አልዘለቀም። ላይ ላይ ደግሞ "ተቀብያለሁ!" የሚለው ቃል ከግቢ ወደ ግቢ ወደ ጦሳ ሲወጣ ይሰማል። እምባዬ መጣ። ውሃው ቁልቁል፣ ቃሉ ሽቅብ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ዝናቡ ሲያባራ የትብለጥ እናት እየተንቀጠቀጡ ደረሱ። እኔ ወደ ላይ ተመለስኩ። የእማማ ፋጡማ ቤት እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። የሰፈሩ ሰው መጥረጊያና ባልዲ ይዞ ገብቶ ይጠርጋል፤ ማንም ማንንም አልጠራም።

ጀማል ሥራው ነውና ጆሮዬ ሥር መጣ። "አሁን ግድግዳው ረጥቧል። ዋጋ መስበሪያው ሰዓት አሁን ነው" አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና፣ "እንደው አልኩ እንጂ" ብሎ እሱም ባልዲ አነሳ።

እማማ ፋጡማ ጭቃ በጭቃ ሆነው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩና፣ "እማማ፣ ቦዩን አልነካውም" አልኳቸው።

"አውቄአለሁ" አሉኝ። "ስትጮሂ የነበረውን እኔ አልሰማሁም፤ ስትወርጂ ግን አይቼሻለሁ። የምትይውን ዋጋ ከባልሽ ጋር ምከሪና ነይ።"

ከመሄዴ በፊት ወደ ላይኛው ግቢ ወጣሁ። ያ የሽማግሌ ድምፅ የመምሬ ተክሌ ነበር፤ ቀጭን፣ አጭር ቄስ ናቸው። ከኩታበር የመጣላቸው የዓመት ቀለባቸው፣ ገብሱ በሙሉ ከነጆንያው ውሃ ውስጥ ተኝቷል። ባለቤታቸው በዝምታ እየዘረገፉ ያሰጣሉ። የሳቸው ግቢ ከእማማ ፋጡማም ይልቅ የባሰ ነበር የሞላው። አዘንኩላቸው፤ እግዚአብሔር ያጽናዎ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"አራሷን ብርድ አልመታትም?"

ደህና ናት አልኳቸው። "እሰይ" አሉና ወደ ገብሳቸው ተመለሱ።

ቤቱን ገዛነው። እማማ ፋጡማ ወደ ልጃቸው ወረዱ፤ ነፍሳቸውን ይማርና እስኪሞቱ ድረስ ክረምት በገባ ቁጥር ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ ባገኙ ጊዜ "መዝጊያው እንዳይጠብቅ ሳሙና ቀቢው" የሚል መልእክት ይልኩብኝ ነበር።

ሰዎች ውሃ ቤታችሁ እየገባ መዝጊያውን ይዞ መቆሙን እንዴት ቻላችሁት ይሉኛል። እኔ ለመቻሌ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ውሃው ወገቤ ደርሶ፣ የልጆቼ ደብተርና ፍራሽ ከኋላዬ ሲንሳፈፍ፣ መዝጊያውን ይዤ ከታች የሚመጣውን ድምፅ ስጠብቅ፣ ያቺ ጥቂት ጊዜ ዓመት ትሆንብኛለች። ልልቀቀው ልልቀቀው የሚል ሐሳብ በየክረምቱ ይመጣብኛል። እስከ ዛሬ ግን አልለቀቅኩትም።