የሰፈሩ ሟቾች በእኔ ላፕቶፕ ውስጥ

ቀራንዮ፣ እኛ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የዕድሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ ቀጥሎ የእኛ በር ይንኳኳል። ላፕቶፕ ያለኝ እኔ ነኛ! የሟቹን የሕይወት ታሪክ እተይባለሁ፣ ፎቶውን አስተካክዬ ለማተሚያ ቤት አዘጋጃለሁ፣ ለቅሶ ቤት የሚታየውን ቪዲዮ እቀጣጥላለሁ። ክፍያው «ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ነው። እስካሁን አላበቃኝም።

ላፕቶፑን የላከችልኝ ዱባይ ያለችው እህቴ ናት። ቅናሽ ላይ አግኝታው ነው። ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ ሲያዩት ያምራል። ውስጡ ግን ሠላሳ ሁለት ጊጋ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከዚያም ላይ አብዛኛውን የሚበላው ራሱ ዊንዶውሱ ነው። የተረፈውን ሟቾች ያዙት።

ላጥፋቸው ብል አይጠፉም። አንዱ ሲቀበር ፎቶው ለአርባው ይፈለጋል። አርባው ሲያልፍ ለሙት ዓመቱ ይፈለጋል። ሙት ዓመቱ ሲወጣ ደግሞ «ሰባት ዓመቱ አለ፣ እንዳታጠፊው» ይባላል። አንድ ጊዜ ለጎረቤታችን የባሏን ፎቶና ቪዲዮ በፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋትና የእኔን አጠፋሁ። ወር ሳይሞላ እያለቀሰች መጣች፤ ልጇ ፍላሹን አጥፍቶ ፊልም ጭኖበታል። እናቴ ልጁን ትታ እኔን ተቆጣች። «ሰውዬውን ሁለተኛ ገደልሽው!» አለችኝ። ደግነቱ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ስላላደረግኩት ሰውዬው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሟቹን ወደ ቤቱ የሚወስድ የለም። «አንቺ ጋ ይቀመጥልን» ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አላለፍኩም። አየር ጤና አንድ ማሠልጠኛ ገብቼ በኮምፒውተር የቤትና የዕቃ ዲዛይን መሣል ተማርኩ። ከእናቴ ጋር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው የምንኖረው። ከዚህ ቤት መውጣት እፈልጋለሁ። እናቴን ስለምጠላ አይደለም። ከግቢያችን ወጥቼ ፌርማታ እስክደርስ ቢያንስ ሦስት ሰው «ወዴት ነው?» ስለሚለኝ ነው። ዛሬ የምመልሰውን ነገ ያውቁታል፤ ነገ የምመልሰውን ከእኔ በፊት ያውቁታል።

እና ሲኤምሲ ያለ አንድ ፈርኒቸር ቤት ዲዛይን የምትሠራ ልጅ ይፈልግ ነበር። ከተማው ማዶ ነው፤ ተመላልሶ አይሠራም። እዚያው አካባቢ ቤት የተከራየች ጓደኛዬ ደግሞ አብራት የምትኖረው ልጅ አግብታባት አልጋው ባዶ ነው። ሁሉም ነገር ተሰናድቶልኛል። የቀረው ፈተናው ነው፦ የኩሽና ልኬት በቴሌግራም ላኩልኝ፣ ካቢኔቱን በአራቱም ግድግዳ ስዬ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላፕቶፔን ይዤ እንድቀርብ። ፕሮግራሙን ልጭን ስል ላፕቶፑ ቦታ የለኝም አለ።

አየር ጤና ወደሚገኝ የኮምፒውተር ጠጋኝ ሄድኩ።

«ሃርድ ዲስኩን በትልቅ ቀይርልኝ» አልኩት።

ጀርባውን ፈታታና ሳቀ። «እህቴ፣ ምኑን ልቀይረው?»

«የሚይዘውን ነዋ!»

በእስክሪብቶ ጫፍ ጥፍር የምታክል ጥቁር ነገር አሳየኝ። «ይቻት። ፋብሪካ ነው ቦርዱ ላይ የበየዳት። ላንሳት ብዬ እሳት ባስጠጋ ቦርዱም አብሯት ይሄዳል።»

«ሌላ መጨመሪያ ቦታስ?»

«አንዳንዱ አለው። ያንቺ ቦታው ተሠርቶ ሶኬቱን ከልክለውታል። ስስታሞች!»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሌላ መግዛት።»

«እሱንማ እናቴም ታውቀዋለች።»

ያለውን ፋይል ይከፋፍት ጀመር። ነጠላ የለበሱ፣ ከረባት ያሰሩ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ የተነሱ ሰዎች ተራ በተራ ወጡ። «እነዚህ ሁሉ ዘመዶችሽ ናቸው?»

«የሰፈር ሟቾች ናቸው።»

አማተበ። «ሬሳ አሸክመሻት ነው እንዴ ሩጪ የምትያት?» ከሳቁ ሲመለስ ግን ደህና ነገር ነገረኝ። ፕሮግራሙን ሚሞሪ ካርድ ላይ ብጭነው ከመዘግየቱ የተነሳ አንድ መስመር አስምሬ ሻይ ጠጥቼ መመለሴ ነው። ሟቾቹን በገመድ ወደሚሰካ ዲስክ ላውጣቸው፤ ውስጡ ለእኔ ይቅር።

እሑድ ዕድሩ ሲሰበሰብ ሄድኩ። ሴቶቹ ከኋላ፣ ወንዶቹ ከፊት፣ እኔ መሐል ቆሜ «ሟቾቻችሁን ውሰዱልኝ» አልኩ። አባባሌ አላማረም። ጉምጉምታ ሆነ።

«ሰው እንደ ዕቃ ውሰዱልኝ ይባላል?» አሉ አንዲት እናት።

«እማማ፣ ሥራ ልገባ ነው። ማሽኑ ሞልቷል፣ አይሰፋም፣ ተበይዷል።»

ሊቀመንበሩ እጃቸውን አነሱ። «ልጅቷ እውነቷን ነው። ድንኳን ሲያረጅ እንቀይር የለ? ዲስኩን ዕድሩ ይግዛ።» ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄን ሳላወርድ ቀጠሉ፦ «ዲስኩም እሷው ጋ ይቀመጥ። ከዛሬ ጀምሮ የዕድራችን የፎቶና የታሪክ ኃላፊ ናት።» እንደገና ተጨበጨበ።

«ጋሼ፣ እኔ ወደ ሲኤምሲ ልሄድ ነው እኮ!»

«እሰይ! እግዚአብሔር ይርዳሽ። ማታ ማታ ትመለሺ የለ?»

እናቴ ከኋላ «ትመለሳለች» አለች። ዞሬ አየኋት። ነጠላዋን አስተካከለች።

ሰኞ ዲስኩ ተገዛና ሟቾቹን አወጣኋቸው። ፕሮግራሙ ገባ። ላፕቶፑ ያቃስታል እንጂ ይሠራል። እስከ ሐሙስ ሦስቱን ግድግዳ ጨረስኩ፤ የቀረኝ የመስኮቱ ግድግዳ ነበር፣ ዕቃ ማጠቢያው ያለበት። ዓርብ ጠዋት እሱን ስጀምር ጡሩምባው ተነፋ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። የሟቹ ትልቁ ልጅ ነው፣ ጎልማሳ ሰው። አባቱ ሌሊት ነው ያረፉት፣ ቀብሩ ከሰዓት ነው። የያዘው ፎቶ የሰርግ ነው፤ አባትየው በሚዜዎች መሐል ተጨናንቀው ከትከሻቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። ሌላ የለም አለ።

«ዛሬ አልችልም» አልኩት። «በእግዚአብሔር፣ ዛሬ ብቻ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

የግራና የቀኝ ጫማው የተለያየ ነበር፤ አላወቀም። እናቴ ከጀርባዬ መጣችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ግባ የኔ ልጅ፣ ነፍስ ይማር» አለችው። ወንበር ስባ አጠገቤ አስቀመጠችው። ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረችም። ብትናገረኝ እጣላት ነበር።

ኩሽናውን ዘጋሁት። አባትየውን ከሚዜዎቹ መሐል አወጣኋቸው፤ የአንዷ ጣት ትከሻቸው ላይ ነበርና እሱን ማጥፋት ብቻውን ጊዜ ፈጀ። የሕይወት ታሪካቸውንም ልጁ እየነገረኝ ጻፍኩ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ያቆማል። ቀጥል አይባልም።

ሲኤምሲ የደረስኩት በሦስት ግድግዳ ነው። ባለቤቱ ስዕሉን እያገላበጠ አየ። ወዶታል፣ ከፊቱ ይታወቃል።

«የመስኮቱስ?»

«አልደረሰልኝም። ሰው ሞቶብን ነው።»

«ውይ፣ ነፍስ ይማር። አባት ነው?»

አጎቴ ብል ኖሮ እስከ ሰኞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ጥያቄውን የጠየቀውም ሊጠብቀኝ ፈልጎ ነው። «አይ፣ የሰፈር ሰው ነው» አልኩት።

«የሰፈር ሰው?» ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋው። «እዚህ እኮ ደንበኛ አይጠብቅም፣ እህቴ። እንደውልልሻለን።»

በማግስቱ የመስኮቱን ግድግዳ ጨርሼ ላኩለት። አይቶታል፣ ምልክቱ መጥቷል። መልስ የለም። ጓደኛዬም አልጋውን ለሌላ ሰጠች፤ ኪራይ አይጠብቅም። ያንኑ ኩሽና በስልኬ ለማገኘው ፈርኒቸር ቤት ሁሉ በተንኩት። አያት ያሉት አልፈለጉም። ሰሚት ያሉት ወንድ ነው የምንፈልገው አሉኝ። የተቀበለኝ አንድ ብቻ ነው፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው፣ ከቤታችን በእግር የሚደረስ።

ለእናቴ ስነግራት እልል አለች፤ ጎረቤት ሰምቶ ተቀበላት። እኔ ቆሜ አየኋት። እልልታውን እንደ ጨረሰች ጉንጬን ሳመችኝና «ምሳሽንም እየመጣሽ እቤትሽ ትበያለሽ» አለችኝ።