ሦስት አንደኞች በአንድ ፊርማ

በነገሩ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ልጄ ውባለም፣ በሰብል ሳይንስ ማስተርስ ያላት። መምህር ጌትነት፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ወረታ የመጣ የኮሌጅ አስተማሪ። ደሳለኝ፣ የአንበሳሜ ሰው፣ የግብርና ባለሙያ። ሦስቱንም ማስተርስ ያስተማሯቸው ዶክተር ባዬ። አምስተኛው እኔ አዱኛ ነኝ፤ ወረታ ላይ ማመልከቻ እጽፋለሁ።

ሥራውን የጀመርሁት ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በአንድ የጽሕፈት መኪና ነው። የመጀመሪያው ቀን ደንበኛዬ ድንበር የተገፋበት ገበሬ ነበር። "በደሌን አጋነህ ጻፍልኝ፤ ያም አጋኖ ነው የሚመጣ" አለኝ። አጋንኜ ጻፍሁ። ከሰዓት በኋላ ያኛው ወገን መጣ፤ ለእሱም አጋንኜ ጻፍሁ። ዳኛው ሁለቱንም አነበቡ፤ ማንም አልተቆጣኝ። ሙያውን የተማርሁት በዚያ ቀን ነው።

ኋላ ሱቅ ተከራይቼ ኮምፒውተር ገዛሁ። ውጭ አገር ዶክትሬት ለመማር የሚያመለክቱ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ መዝገበ ቃላት ይዤ ማስታወቂያውን ሁሉ ሳነብ ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚወድቅ መለየት የቻልሁ መሰለኝ።

መምህር ጌትነት ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ "ጋሽ አዱኛ፣ ውጤቴ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ነው" አለኝ።

"ያነን ወረቀትህ ይናገራል። ምን መመርመር ትፈልጋለህ?"

"እነሱ የሚሰጡኝን።"

"እንግዲያው የምትፈልገው ቅጥር ነው" አልሁት።

ደሳለኝ በሕይወት ታሪኩ አሥራ አንድ የሥልጠና ምስክር ወረቀት ደርድሯል። አንዱ የንብ ማነብ ነው። "ሩዝ ለማጥናት ለሚያመለክት ሰው ንቡ ለምን ገባ?" ስለው፣ "ገጹ እንዲሞላ ነዋ!" አለኝ። ንቡን አስወጣሁት። ፈረንሳይኛ እችላለሁ ያለውንም "እስኪ ተናገር" ብዬ አሰረዝሁት። ሐሰት አልወድም።

በዚያ ዓመት ሦስቱም ለአንድ ቦታ አመለከቱ። ሩዝ የሚያጠኑ አንድ የውጭ ፕሮፌሰር ሙሉ ወጪውን ችለው አንድ ተማሪ ብቻ ይቀበላሉ። የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ዶክተር ባዬ እንደ ልማዳቸው "ጽፋችሁ አምጡ፣ እፈርማለሁ" አሏቸው። ለእኔም ደወሉልኝ።

"ጋሽ አዱኛ፣ የኢሜይሌን የይለፍ ቃል ልስጥዎና እርስዎው ይላኩት። ስብሰባ ላይ ነኝ።"

ኮምፒውተሬ ውስጥ አንድ ጥሩ ደብዳቤ ነበረኝ። "ካስተማርኋቸው ሁሉ አንደኛ" ይላል። የአመልካቹን ስም እየለወጥሁ ሦስቱንም በአንድ ቀን በዶክተር ባዬ ስምና ኢሜይል ላክሁ። ንቡን ያስወጣሁት ሰውዬ ይኼን ከሐሰት አልቆጠርሁትም። ማመልከቻ ሁሉ ያጋንናል፤ ዳኛም ያውቀዋል ብዬ።

በሁለተኛው ወር ውባለም ሱቅ ገብታ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"አባባ፣ ስለ እኔ ምን ብለው ጻፉ?"

"አንደኛ ናት ብዬ።"

"ስለ ጌትነትስ?"

"አንደኛ ነው" አልሁና ወረቀት መደርደር ጀመርሁ።

"ስለ ደሳለኝስ?"

"እሱም አንደኛ።"

"ፕሮፌሰሩ ሦስታችንንም ጥለውናል። የፈራሚው ቃል አይታመንም ነው የሚሉ።" ቀጥላም "ቁሐር ሚካኤል የሩዝ ማሳ ላይ ሁለት ክረምት ውሃ ውስጥ መቆሜንስ ጽፈውታል?" አለችኝ።

አልጻፍሁትም። ምልክት ያለው ዘንግ ይዛ፣ የትኛው ሩዝ ስንት ቀን በውሃ ተውጦ እንደሚተርፍ ስትመዘግብ ከርማለች። ማታ ከእግሯ አልቅት ያነሳሁላት እኔው ነኝ። ደብዳቤዬ የሚለው ግን "ትጉህ፣ ቅን፣ ሰዓት አክባሪ" ነው።

"ሰዓት አክባሪ እንኳ አይደለሁም" አለችኝ።

እውነቱን በራሴ እንግሊዝኛ ለፕሮፌሰሩ ጻፍሁ። ዶክተር ባዬ ሲሰሙ "ስሜን አጠፉት!" ብለው ጮኹብኝ። "ስምዎን ከነይለፍ ቃሉ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት" አልኋቸው። ፕሮፌሰሩ በጨዋ ቃል መለሱልኝ፤ ቦታው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር።

የአንድን ተወዳዳሪ አቅም የሚያሳየው እሱ ብቻ የሠራው ሥራ ነው። የሚጽፈውም ሥራውን ያየ ሰው መሆን አለበት።

ውባለም አንድ ዓመት ከሰረች፤ ጌትነትም አንድ ዓመት። ደሳለኝ በሚቀጥለው ጥሪ ዕድሜው ከገደቡ አልፎ ተገኘ። ዶክተር ባዬን ዛሬ ደብዳቤ የሚለምናቸው የለም። ልጄም ማመልከቻዋን የምታሳትመው በእኔ ሱቅ ሳይሆን ሐሙሲት ከተማ ድረስ ሄዳ ነው።