እናቴን ዝም ያሰኘኋት ጊዜ

እናቴን ከጨፋ ከሚሴ ያመጣኋት ልጄን እንድትይዝልኝ ነበር። እኔ ቢሮ እውላለሁ፤ ባለቤቴ ሚኒባስ ይነዳል፤ ልጅቷ ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው። በመጣች በሳምንቷ፣ «እማ፣ ለልጅቷ በኦሮምኛ አታውሪላት፤ አማርኛዋ ይበላሻል» አልኳት። ይህንኑ የነገርኳት በኦሮምኛ ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን አምልጦኝ አይደለም፣ አስቤበት ነው። ደሴ ስማር አማርኛዬ ኦሮምኛ ኦሮምኛ ስለሚል አፌን በከፈትኩ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳ ነበር። ልጄ ላይ ማንም እንዳይስቅ ብዬ፣ እኔና ባለቤቴ ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ በምንቀላቅልበት ቤት ውስጥ አጥር ላጥር ተነሳሁ። ተማርኩ ባይ!

እናቴ አልተከራከረችኝም። «ቶሌ፣ እሺ ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። አማርኛዋ የገበያ ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንሺ፣ ደህና ዋይ። በዚያ ልጅ አይጫወቱበትም። ስለዚህ ዝም አለች። ያቺ ሰፈር የምታስቅ ሴት ልጄን አጥባ፣ አጉርሳ፣ አዝላ፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ቃል ትውል ጀመር። እኔ ደግሞ ደክሞኝ እገባና ስልኬን ለልጅቷ እሰጣታለሁ። ካርቱኑ አማርኛ ያስተምራታል ብዬ። ኧረ እንዴት ያለ ጅልነት ነው!

ሦስት ዓመት ሲሞላት የምታውቃቸው ቃላት አስር አይሞሉም ነበር። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጆሮዋ ደህና ነው። ነርሷ፣ «ቀን ቀን ማን ያወራታል?» አለችኝ።

«እናቴ አብራት ናት።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

ያደረግኩትን ነገርኳት። «እህቴ፣ ልጅ ሲያወሩት ነው የሚያወራው፤ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን። እናትሽ በምታውቀው ታውራላት። ሽንኩርት ስትልጥ ስሙን ትንገራት፤ ስታለብሳት እጅሽ የታለ ብላ ትጠይቃት» አለችኝ።

ቤት ገብቼ እናቴ እግር ስር ቁጭ አልኩ። «አውፍ በይኝ እማ፣ ይቅር በይኝ። የፈለግሽውን አውሪላት» አልኳት።

እሷ ግን፣ «አፌ ያበላሻታል አላልሽም? አሁንማ እኔም ፈራሁት» አለችኝ። ወላሂ፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሆንም ጀመረች። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ እኔ ስገባ ታቋርጣለች። ያ ከሁሉም በላይ አሳፈረኝ። እያደር ግን ድምጿ ወጣ። ስለ ላሞቿ፣ ስለ ቦርከና ወንዝ ሙላት፣ ማሽላ ስለሚፈጁት ወፎች ታወራላታለች። ልጅቷ አፍ አፏን ታያለች። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ አንድ ጁምዓ ከሰዓት እናቴ «ደረቴን» አለች። ሆስፒታል ሳናደርሳት ሄደች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ፣ ልጄ በሴቶቹ መሀል ሾልካ መጥታ ቀሚሴን ያዘች። «አኮን ኤሳ ጅርቲ?» አለችኝ። አያቴ የት ናት ማለቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። አንዷ ጎረቤት ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስታ፣ «ማሻ አላህ፣ ተናገረች!» አለች፤ ሌሎቹ አለቀሱ። እኔ አንስቼ አቀፍኳት። ልጄ ያልሰማኋት መስሏት ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው።