የድንኳኑ ቋሚዎች ብልጭታ

የእድራችን ድንኳን የሚቆመው በወፍራም የብረት ቱቦ ነበር። የእድሩ ንብረት ያዥ አባቴ ነው፤ ተሸካሚዎቹ እንደሱው ሽማግሌዎች ስለሆኑ "ትከሻችን አለቀ" ብሎ አስወሰነና በአሉሚኒየም አስቀየረው። ቀላል ነው፣ አይዝግም። ማብረቅረቁን ማንም እንከን አላለውም።

አዲሱ ድንኳን መጀመሪያ የተተከለው ለእናቴ ለቅሶ ነው፤ ላፍቶ፣ ቤታችን ፊት ለፊት። አባቴ ወደ መግቢያው ዞሮ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ የፊት ቋሚዎቹ ላይ አርፋ ዓይኑን ትወጋው ጀመር። የሚገባው ሰው ሁሉ ጥላ ብቻ ሆነበት። ጋቢውን ግንባሩ ላይ ሳብ አድርጎ አቀረቀረ፤ ሰው የሐዘን መሰለው።

በዚያ ሰዓት የድሮ ወዳጁ መጥተው ኖሯል። በጋራ አጥራችን ስር በሚያልፍ የውሃ መውረጃ ተቀያይመው፣ ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። በኛ ሰፈር ያኮረፈ ሰው ለቅሶ አይቀርም። ይመጣል፣ መግቢያው ላይ ይቆማል፤ ባለለቅሶው ብድግ ካለለት ነገሩ እዚያው አለቀ። አባቴ አልተነሳም። ሰውየው ትንሽ ቆሙና ሳይቀመጡ ተመለሱ።

ይህን የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስንጠብቅ።

"ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም እያለ ይብሰለሰላል" አሉኝ።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ለአባቴ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አሁኑኑ ሂድ አባዬ።"

"ምን ብዬ? የድንኳን ቋሚ ጋረደኝ ብዬ? ማን ያምነኛል? መጀመሪያ ላደብዝዛቸው። ከዚያ አንዱን ይዤ ሄጄ አሳየዋለሁ።"

ቋሚዎቹን ከእድሩ መጋዘን አስወጥቶ ግቢያችን ውስጥ ደረደራቸው። ብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ እየነከረ ይፈገፍግ ጀመር። ድስት ሲያበሩ የኖሩ ጎረቤቶቻችን አዩትና "ሰው ያበራል እንጂ ያደበዝዛል እንዴ?" ብለው ሳቁበት። እኔ አልሳቅኩም። ችኩል ነኝ፤ ዝግታው ያናድደኝ ነበር። አንዱን ቱቦ ፀሐይ ላይ ያገላብጠዋል፣ በጣቱ ይዳስሰዋል፣ ትንሽ ካበራ እንደገና ይጀምራል። መሄዱን እንደፈራው ገብቶኝ ነበር። እናቴ ብትኖር እጁን ይዛ ትወስደው ነበር።

የመጨረሻውን ቋሚ ጭኑ ላይ አጋድሞ ሲፈገፍግ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በሩን አንኳኳ።

"ድንኳኑን ፈልገን ነው ጋሼ።"

"ለማን?"

ጥሩምባ ነፊው መሬት መሬት አየ። "ለወዳጅዎ ነው። ሌሊት ነው ያረፉት።"

አባቴ የያዘውን ቋሚ ፈግፍጎ ጨረሰና አስረከበ።

ድንኳኑ ተተከለ። ቋሚዎቹ እንደ አሮጌ ማንኪያ ፈዘዋል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ብትዞርም ማንንም አልወጋችም። የሟቹ ባለቤት ወደ መግቢያው ዞረው ተቀምጠዋል። አባቴ መግቢያው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ክንዱን ብይዘውም አልተንቀሳቀሰም። እሳቸው ግን ከነበሩበት ሆነው ለይተው አዩት። ብድግ አሉለት።