ያልታረደው በሬ

የግራና ገበያ ሰው ህሊና ደምሴን «አፈር ጫኟ ዶክተር» ይላታል። አልተሳሳተም። ሌላው ከገበያው ማሽላ ጭኖ ሲወጣ፣ እሷ ወደ ወልድያ የምትወስደው በፌስታል የተቋጠረ አፈር ነው። ላብራቶሪ ገብታ ከዚያ አፈር የምትፈልገው አንድ ባክቴሪያ ብቻ ነው፤ አባ ሰንጋን የሚያመጣውን። ከብት ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚራባ፣ በምን መርዝ እንደሚገድል፣ አፈር ውስጥስ ለዓመታት ሳይሞት እንዴት እንደሚቆይ ስታጠና ወጣትነቷ አለቀ። አትቆጭበትም።

ያልገባት ሰዉ ነበር። የታመመ ከብት አትብሉ ብላ ያልለመነችበት ቀበሌ የለም፤ ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማታል፣ ሄዶ ይበላል። ሆዳምነት መስሏት ትበሽቅ ነበር።

በክረምቱ መግቢያ ግን ጣጣው ቤቷ መጣ። የአባቷ የአቶ ደምሴ በሬ ወደቀ። ስትደርስ ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ በክት ሳይሆን ቶሎ ይታረድ ብለው የቅርብ ጎረቤታቸው አቶ ካሳዬ ቢላዋ ይስላሉ። ሁሉም የመጣው የየድርሻውን መደብ ሥጋ ገዝቶ፣ በገንዘቡ አቶ ደምሴ ሌላ በሬ እንዲተኩ ሊያግዝ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነዋ! ህሊና ያኔ ገባት፤ ይህ ሕዝብ የሚታመመው በደግነቱ ነው። በንዴቷ አፈረች።

ከበሬው አፍንጫ የማይረጋ ጥቁር ደም ይወርዳል።

«አባዬ፣ አይታረድ» አለች። «አባ ሰንጋ ነው፤ በሽታው ደሙ ውስጥ ነው። ደሙ ፈሶ አየር ካገኘ፣ ባክቴሪያው ቅርፊት ለብሶ አፈሩ ውስጥ ይተኛል። ዛሬ እናንተን ይይዛል፣ ነገ የልጅ ልጆቻችሁን ከብት ይጨርሳል። ሥጋው ሳይበለት በጥልቅ ይቀበር።»

በአንድ በሬ አይታረስም፤ የዘር ጊዜ ደግሞ ደርሷል። አቶ ደምሴ በሬውን አዩት፣ ልጃቸውን አዩዋት።

«ካሳዬ፣ ቢላዋውን መልሰው» አሉ።

በሬው ሞተ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ኖራ ተነስንሶበት ሳይነካ ተቀበረ። ጎረቤቱ አንገቱን ደፍቶ ተበተነ። የተማረ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ያወቀውን በገዛ አባቱ ደጅ፣ በገዛ አባቱ በሬ ላይ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ህሊና መንደሩን አትርፋለች፤ አባቷን ግን ባዶ እጃቸውን ያስቀረቻቸው መስሏት እያለቀሰች አደረች።

ማለዳ አቶ ካሳዬ ቀንበር ተሸክመው፣ አንዱን በሬያቸውን እየነዱ መጡ። ለአቶ ደምሴ ከቀረው በሬ ጋር ሊያቀናጁት ነው።

«ሥጋ እንኳ ሳልሰጥህ?» አሉ አቶ ደምሴ።

«ሥጋውማ ሰበብ ነበር» አሉ ካሳዬ።