ውሃ ጠጥቶ ነበር

ሎዌል ብራንድቮልድ በሰሜን ዳኮታ፣ ሃርሎ በምትባል ከተማ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችን ጡንቻ ሲያጠነክር ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል። ጨዋታው የመኸር ነው። በረዶው ሜዳውን ሲሸፍነው ተመልካቹ ቤቱ ይገባል፣ የራስ ቁሮቹ መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ፣ የከተማው ጋዜጣም ስለ ቅርጫት ኳስ መጻፍ ይጀምራል። የሎዌል ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። ከገና እረፍት መልስ ጀምሮ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘጠና ወጣቶች ጂምናዚየሙ ምድር ቤት ይሰበሰቡለታል። ብረት ያነሳሉ፣ ይገፋሉ፣ ይስባሉ። በመኸር ከሌላው ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲላተሙ የሚቆሙበት እግር የሚሠራው እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ነው።

ሎዌል አንድ የማይሻር ደንብ ነበረው። የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሶፋ ላይ ተጋድሞ እናቱ የሠራችውን ሲበላ የከረመ ልጅ፣ በመጀመሪያው ቀን የለመደውን ግማሽ ነው የሚያነሳው። ጎረምሶቹ በዚህ ያፍራሉ።

"ኮች፣ ይሄ ብረት ነው መጥረጊያ?" አለው አንዴ ጋሬት ፎስ የሚባል፣ መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝን ልጅ።

"መጥረጊያ ቢሆንማ አያያዙ ይጠፋህ ነበር" አለው ሎዌል። "የምትተኛበትን ክፍል አይቼዋለሁ።"

ልጆቹ እስኪደክማቸው ሳቁበት። ሎዌል እንዲህ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። የሙያ ጓደኞቹ ይጮሃሉ፣ ግድግዳ ይደበድባሉ። እሱ ዝቅተኛ ወንበር ስቦ ከአንዱ ልጅ አጠገብ ይቀመጥና የጉልበቱን አካሄድ ያያል፤ "ተረከዝህን አትንቀል" ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ያ ቀላል ሳምንት ከየት እንደመጣ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ቢጠይቁትም አይናገርም ነበር።

በሃያ ስድስተኛው ዓመቱ ቡድኑ ሁለት ጨዋታ አሸንፎ በዘጠኙ ተሸነፈ። ኮሌጁ ዋና አሰልጣኙን አሰናብቶ ትሬንት ዳንሌቪ የሚባል የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው አመጣ። ትሬንት ክፉ ሰው አልነበረም። ችኩል ግን ነበር፤ ሽንፈት የሚባለውን ነገር እንደ በሽታ ከልጆቹ ላይ አራግፎ ለመጣል ቸኩሏል። ተማሪዎቹ ከእረፍት ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ አርብ ዕለት፣ ሎዌልን ቢሮው ጠራው።

"ሰኞ ጠዋት መቶ ቁጭ ብድግ፣ ብረት ተሸክመው" አለው። "ሳያርፉ። ማን እንደሚያቋርጥ ማየት እፈልጋለሁ።"

"አይሆንም" አለ ሎዌል።

ትሬንት የሰማውን አላመነም። "ምን አልክ?"

"በመጀመሪያው ቀን አይሆንም። በሦስተኛው ሳምንት የፈለግከውን አሠራቸዋለሁ።"

"ሎዌል፣ ሁለት ጨዋታ ነው ያሸነፋችሁት። ስታባብሏቸው ከርማችሁ ነው እዚህ የደረሳችሁት። አንተ ካላሠራሃቸው እኔ ራሴ አሠራቸዋለሁ።"

ሎዌል አፉን ከፈተ። ሊናገረው የሚገባ ነገር ነበረው። ግን ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ፈሪነቱን ራሱ እንኳ አልካደውም።

ነገሩ ሃያ አንድ ዓመት ያለፈው ነው። ያኔ ሎዌል ሥራ ከጀመረ ገና አምስት ዓመቱ ነበር፤ እሱም ይጮህ ነበር። ልክ እንደዚሁ ከገና እረፍት መልስ፣ ልክ እንደዚሁ መቶ ቁጭ ብድግ አዘዘ። ዴል ስኮገን የሚባል የሃያ ዓመት ልጅ፣ የገበሬ ልጅ፣ መቶውንም ጨረሰ። በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቃተው። "እየሄድክበት ይለቅሃል" አለው ሎዌል፤ በዚያው ቀን ደግሞ ጨመረበት። በሦስተኛው ቀን የልጁ ሽንት እንደ ኮካኮላ ጠቆረ። ጡንቻው ከልክ በላይ ተሰባብሮ ደሙ ውስጥ ገብቶ ኩላሊቱን ዘግቶት ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛ፤ ደሙ በማሽን ታጠበ። ነፍሱ ተረፈች። ወደ ጨዋታው ግን አልተመለሰም፣ ወደ ትምህርቱም አልተመለሰም።

ሎዌል ሆስፒታል አልሄደም። የኮሌጁ ጠበቃ "አትሂድ፣ አትደውል" አለው፤ እሺ አለ። ከዚያ አንድ ወረቀት አመጡለት። ወረቀቱ ልጁ በቂ ውሃ ጠጣ ተብሎ ሳለ አልጠጣም ይላል። ሎዌል ልጁ ውሃ ሲጠጣ በዓይኑ አይቷል። ሚስቱ ማርዲ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። ፈረመ።

ቀላሉ ሳምንት ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ሎዌል ራሱን እንዲህ እያለ ያጽናና ነበር፤ ከዴል ወዲህ አንድም ልጅ አልተጎዳብኝም። እውነት ነበር። ያቺ አንዲት ፊርማ ግን ከነውሸቷ እዚያው መዝገብ ቤት ተቀምጣለች።

ቅዳሜ ጠዋት ለማርዲ ነገራት። ሃያ አንድ ዓመት የደበቃትን ሁሉ፣ ወረቀቱን ጭምር። ማርዲ ሳታቋርጠው ሰማችውና "ልጁ አሁን የት ነው?" አለችው።

"በአባቱ እርሻ ላይ። ሰባ ማይል ይሆናል።"

"ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?" ብላ የመኪናውን ቁልፍ ፊቱ አኖረችለት።

መንገዱ በነፋስ በሚነዳ በረዶ ጠፍቶ ነበር። ዴል ስኮገንን ያገኘው ትልቁ የመሣሪያ መጋዘን ውስጥ፣ ከአንድ የሱፍ አበባ ማጨጃ ማሽን ሥር ተንጋሎ ነው። ወጣ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየው። ወፍሯል፣ ፀጉሩ ሳስቷል።

"ኮች" አለው። "አርጅተዋል።"

"አርጅቻለሁ። ዴል፣ የመጣሁት አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ያኔ አንድ ወረቀት ፈርሜያለሁ። ውሃ አልጠጣም የሚል።"

ዴል ጨርቁን ማሽኑ ላይ አስቀመጠ። "ጠጥቼ ነበር።"

"አውቃለሁ። አይቼሃለሁ።"

"አይተውኛል" አለ ዴል፣ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ። ነፋሱ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠው ነበር። "ያንን ወረቀት አባቴ አንብቦታል፤ ያውቃሉ? ኮሌጅ የጻፈው ነዋ፣ አመነው። እስኪሞት ድረስ፣ የሆስፒታሉ ክፍያ ባነቀው ቁጥር፣ ኩላሊቴን አሞኝ በተኛሁ ቁጥር፣ 'ምናለ አንዲት ብርጭቆ ውሃ ብትጠጣ ኖሮ' ይለኝ ነበር። ጠጥቻለሁ ስለው ሰበብ ይመስለዋል። በኋላ በኋላ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። አልጠጣሁ ይሆን እንዴ እላለሁ።"

ሎዌል ይቅርታ ሊልበት አስቦት የመጣው ቃል ሁሉ አነሰበት። ቢሆንም አለው፤ "ይቅር በለኝ።"

"አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ኮች። ይህንን ለእሱ ነበር መንገር የነበረብዎት።"

ሎዌል አዲሱ አሰልጣኝ ሰኞ ጠዋት ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ነገረው። "ታሪኩን ለልጆቹ ልንገራቸው? ስምህን አልጠራም።"

ዴል ተመልሶ ከማሽኑ ሥር ለመግባት ተንበርክኮ ነበር። ቀና ሳይል ተናገረ።

"ስሜን ይጥሩ። ውሃ መጠጣቴንም ይንገሩልኝ።"

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ዘጠናዎቹ ልጆች ምድር ቤት ተሰልፈዋል። ትሬንት ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከፊት ቆሟል። ፊሽካውን ከማንሳቱ በፊት ሎዌል ወደ መሃል ገባ።

"ዴል ስኮገን የሚባል ልጅ ነበር" ብሎ ጀመረ። ሁሉንም ነገራቸው፤ መቶውን ቁጭ ብድግ፣ "እየሄድክበት ይለቅሃል" ያለውን፣ የሽንቱን ቀለም፣ ማሽኑን። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ደረሰ። "ውሃ ጠጥቶ ነበር" አለ። "እኔ ዋሽቼ ፈረምኩ። ከዛሬ ጀምሮ ሰውነቱ እንቢ ያለው ልጅ 'እንቢ አለኝ' ይበል። ማንም ፈሪ ቢለው መጀመሪያ እኔን ፈሪ ይበል።"

ጋሬት ፎስ እንኳ መሬት መሬት ያያል። ትሬንት ፊቱ ቀልቷል። ሎዌልን ወደ ጥግ ወሰደው።

"አርብ ለምን አልነገርከኝም?" አለው በዝቅታ።

"አርብ ድፍረቱ አልነበረኝም።"

"ቢሮዬን ዘግተህ ብትነግረኝ እሰማህ ነበር። ልጆቼ ፊት አዋረድከኝ።"

"እውነትህን ነው" አለ ሎዌል። እውነቱን ነበርና።

ትሬንት ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ። ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ ከግድግዳው ሳይርቅ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ አየ። ልጆቹ ግማሽ ክብደት አነሱ። በዚያ ጠዋት የቀለደ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሎዌል ለኮሌጁ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ጻፈ። መዝገቡ እንዲታረም፣ የታረመውም ለዴልና ለእናቱ እንዲላክ ጠየቀ። ጠሩት፣ አስቀመጡት፣ ሌላ ጠበቃ መጣ፣ ወራት አለፉ። በስተመጨረሻ መዝገቡ ታረመ። ለሎዌልም በግንቦት ወር ውሉ እንደማይታደስ ተነገረው። ለጋዜጣው ጡረታ ወጣ ብለው ነገሩት፤ ማርዲ በዚህ ከሱ የበለጠ ተናደደች። እሱ ክርክር አላነሳም።

የመጨረሻው ቀን ዕቃውን በካርቶን ሲከት ትሬንት ወረደ። ከዚያች ሰኞ ወዲህ ከሥራ ጉዳይ በቀር ብዙም አልተነጋገሩም ነበር። አንዱን ካርቶን አንስቶ እስከ መኪናው ተሸከመለት።

"የመጀመሪያው ሳምንት ዝርዝር" አለው በረዶ በቀለጠበት ጭቃ ላይ ቆሞ። "ትተህልኝ ትሄዳለህ?"

"ጠረጴዛው ላይ ነው።"

"አሁንም ስለዚያች ጠዋት ተናድጄብሃለሁ።"

"ተናደድ" አለው ሎዌል። ተጨባበጡ።

ሰኔ ውስጥ፣ ቀትር ላይ፣ የቤቱ ስልክ ጮኸ። የአሮጊት ድምፅ ነበር።

"የዴል እናት ነኝ" አለችው። "የኮሌጁ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩት።"

"ወይዘሮ ስኮገን..."

"ተው፣ እኔ ልናገር። ሃያ አንድ ዓመት ቆየህ። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነበር፤ በልጁ ላይ እንዲፈርድ አደረግከው። ይህንን እንድታውቀው ነው የደወልኩት።" ስልኩን ግን አልዘጋችም። "ዴል ደብዳቤውን ሲያነብ አይቼዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "አንብቦ ሲጨርስ ወጥቶ እርሻው መሃል ቆመ። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አልገባም። ሲገባ ግን ጥሩ አድርጎ በላ።"

ስልኩን ዘጋች። ሎዌል መነጋገሪያውን እንደያዘ ቆየ። ማርዲ ከማጀት ብቅ ብላ ማን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ነገራት። አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።